መምህርቷ «ግን» ካሉ በኋላ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ለሐሙሱ የሬዲዮ ክርክር ፕሮግራም ሁለቱም እንግዶች እሺ አሉኝ። ርዕሱ ዓይነ ስውር ልጆች በራሳቸው ትምህርት ቤት ይማሩ ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የሚል ነው። አንደኛዋ እንግዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓይነ ስውር ልጆችን ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ትምህርት ቤት እየሄዱ ለልጆች የሚያነቡ መምህርት ናቸው። ሁለተኛው ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ ጠበቃ ነው። ከሚያዩ ልጆች ጋር ተምሮ እዚህ የደረሰ፣ ይህንንም ለማንም ሳይናገር የማይውል።

መምህርቷን በስልክ አነጋገርኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም። የመጣልኝን ነው የምናገረው። ካልተመቸሽ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ወዲያው ወደድኳቸው። እንዲህ ያለ እንግዳ ለአወያይ ሲሳይ ነው።

እራት ላይ ልጄ «አንቺስ የትኛው ይሻላል ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ አወያይ ነኝ።»

«ሥራሽን አልጠየቅኩሽም።»

ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ምላሷ ግን አርባን ካለፈ ቆይቷል። ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን የሚገላግለን የለም፤ ሳህኑን አነሳሁና ወጥ ቤት ገባሁ።


የካቲት 6፣ ሐሙስ

ጥሩ ፕሮግራም ነበር። የስልክ መስመሩ ተጨናነቀ። አለቃዬ ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

መምህርቷ እንደ ፎከሩት ናቸው። «መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና 'ይኼ ከዚህ ሲቀነስ ይኼን ይሰጠናል' ይላል። ለማያይ ልጅ 'ይኼ' ማለት ምንድን ነው? እስቲ ንገሩኝ» አሉ። ጠበቃው ሳቀ፤ እሱም እንዲህ ዓይነት መምህር እንደነበረው አመነ። ሰዓቱ እየገፋ ስለነበር «መምህርት፣ በአጭሩ፣ አብረው ቢማሩ ምን ይሆናሉ?» አልኳቸው።

«ወደ ኋላ ይቀራሉ። እውነቱን ማር አልቀባውም። ብዙዎቹ ከሚያዩት እኩል አይደርሱም። አንዳንዱማ አርፎ የእጅ ሙያ ቢማር ይሻለው ነበር። ግን...»

ማስታወቂያ ደርሶ ስለነበር አቋረጥኳቸው። ሰዓት ሰዓት ነው። ስንመለስ ተራው የጠበቃው ሆነ፤ እሱም በደንብ አድርጎ መለሰላቸው።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ያለው አምፖል ተቃጥሎ ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ነበር። ጠበቃው የመምህርቷን ክንድ ያዘና «እኔ ጋ ይጠጉ፣ እዚህ ቦታ የማየው እኔ ነኝ» አላቸው። ሁለቱም እየሳቁ ወረዱ።


የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ከፕሮግራሙ የተቆረጠ ድምፅ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። «ወደ ኋላ ይቀራሉ» ብሎ ይጀምርና «ቢማር ይሻለው ነበር» ላይ ያበቃል። ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ጽሑፍ አለው። ፊደሉ ያምራል፤ የት እንዳየሁት ግን ጠፋኝ። ከሥሩ አንድ ቃል፦ ይውረዱ።

የሚገርመኝ ከየት ነው የሚወርዱት? ጡረተኛ ናቸው።

ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፦ «ሰምተሻታል ያቺን አሮጊት?» «አልሰማኋትም፣ ግን ደሜን አፍልታዋለች።»

ልጄ ዛሬ ዝም ብላ ዋለች። ፈተና ደርሶባት ይሆናል።


የካቲት 10፣ ሰኞ

ለፕሮግራሙ የመጡትን አጭር መልእክቶች ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። ሥራዬ አይደለም፤ ሰው የሚጽፈው ምን እያሰበ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። «መርዝ»፣ «ጨካኝ»፣ «እንዲህ ያለችዋ ልጆቻችንን ስታስተምር ኖረች?» የሚሉ አሉ። ከመካከላቸው ግን አንዷ እናት «ልጄ ሰምታ ምሳዋን አልበላችም» ብላ ብቻ ጽፋለች። እሷን ደጋግሜ አነበብኳት።

«ጆሮ» የምንለው የድምፅ ባለሙያችን ሙሉውን ቅጂ አሰማኝ። «ግን» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ የእኔ ድምፅ፦ «ከአጭር ማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን።» ደስ የሚል፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ነው።

«ከግን በኋላ ምን ሊሉ ነበር?» አልኩት።

«እኔ የወጣውን ድምፅ ነው የማውቀው፤ ያልወጣውን አንቺ ጠይቂ» አለኝ።


የካቲት 11፣ ማክሰኞ

«ምላሳቸው ይቆረጥ» ብሎ ለጻፈው ሰው ደወልኩ። ቁጥሩ መልእክቱ ላይ አለ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የማወቅ ጉጉት አላስቀምጠኝ አለ።

ድምፁ ለስላሳ ነው። መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። «አንዴ ይታገሡኝ» ብሎ አንዲት አሮጊት ሲያስተናግድ ሰማሁት፦ «ከምግብ በኋላ ነው እናቴ፤ በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት። ልጻፍልዎት?» እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ነው።

«ሙሉውን ፕሮግራም ሰምተውታል?»

«ጊዜ የት አለኝ እህቴ።»

«ታዲያ ለምን ጻፉ?»

«ሁሉም ሲጽፍ ዝም ማለት ደስ አይልም። ከእሳቸው ጋር የተስማማሁ ይመስላል። ምላስ ያልኩት ደግሞ እንደው ለአነጋገር ነው።» ከዚያ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ «እርስዎ ግን ከየትኛው ወገን ነዎት?» አለኝ።

«አወያይ ነኝ» አልኩት።

«አይ፣ ታድለው» አለ። ከልቡ ነው የመሰለኝ።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

የዛሬው ርዕስ የከተማ አውቶቡስ ነበር። የደወለው ሰው ሁሉ ስለ መምህርቷ ነው የሚያወራው። አለቃዬ በመስታወቱ እጁን አንገቱ ላይ እንደ ቢላ አሳልፎ አሳየኝ፤ መስመሩን ቁረጪ ማለቱ ነው። ቆረጥኩ። ሙዚቃ አስገባን።


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

መምህርቷ ደወሉልኝ። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዳቸው መጽሐፋቸውን ይዘው ሲሄዱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። በከፊል የሚያይ፣ የራሳቸው ተማሪ የነበረ፣ ሥራውንም እሳቸው ያስገቡት ሰው ነው። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ ታዝዤ ነው» አላቸው። የንባብ ክፍሉ በር ላይ የነበረው ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳም ተነስቷል፤ አራቱ የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

«ተናደዱ?» አልኳቸው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው።

«ታሪኩን መሐል ላይ ነበር ያቆምንላቸው» አሉ። «ልጆቹ ሌባው ይያዝ አይያዝ አላወቁም።»




የካቲት 17፣ ሰኞ

ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት የለችም፤ ሁሉም ነገር ጭንቅላቱ ውስጥና ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ከሰው በፈጠነ ንግግር ያነብለታል፤ እኔ አንድ ቃል አልለይም፣ እሱ ያንን እየሰማ ከእኔ ጋር ያወራል።

«'ይውረዱ' የሚለው አቤቱታ ላይ እንድፈርም አሥር ጊዜ ተጠየቅኩ» አለ። «አልፈርምም።»

«ተስማምተው ነው?»

«ማን? እኔ? ሴትዮዋ ፍጹም ተሳስተዋል። ልጅነቴን ሙሉ እንደሳቸው ያሉ ደጋግ ሰዎች 'ቅርጫት ሥራ' ሲሉኝ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለመርታት ተከራካሪ ያስፈልገኛል። አፉ ከተዘጋ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ? ያን ቀን ደግሞ አንቺ ማስታወቂያ አስገብተሽ ነው እንጂ ገና መጀመሬ ነበር።»

ኩራተኛ ነው። ግን በኩራቱ ውስጥ የሚያስቀና ነገር አለ። ስላልፈረመ አሁን እሱንም «የተገዛ» እያሉት ነው። አንድ ልጅ ምን ብሎ እንደጻፈለት ከኮምፒውተሩ አሰማኝ፦ «አንተ ስለ ዓይነ ስውራን ምን ታውቃለህ?»

ሳቅን። መጀመሪያ እሱ ነው የሳቀው፤ መጀመሪያ ያቆመውም እሱ ነው።


የካቲት 18

አለቃዬ ቅጂውን ከማኅደር አስጠፋው። «ነገሩ እስኪበርድ ነው» ይላል። ማስታወቂያ የሚሰጡን ሰዎች ቅር ብሏቸዋል አሉ። ጆሮ ግን አንድ ቅጂ ኪሱ ውስጥ አለው። አልጠየቅኩትም፤ ራሱ ኪሱን መታ መታ አድርጎ አሳየኝ።


የካቲት 21፣ ዓርብ

ዛሬ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። መኝታ ክፍልና ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር የብሬል መጻፊያ መሣሪያ፤ ሲነካ ድምፁ እንደ አሮጌ መኪና ሞተር ነው። ሻይ አፈሉልኝ። ቸኩዬ ስለነበር ሳልቀመጥ ጠየቅኳቸው።

«መምህርት፣ ያን ቀን ከ'ግን' በኋላ ምን ሊሉ ነበር?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«አየር ላይ አሰማዋለሁ። ሰው ሙሉውን ቢሰማ ይረዳዎታል።»

አዩኝ። ተማሪ መልሱን ሳያውቅ እጁን ሲያወጣ እንደሚያዩት ይመስለኛል።

«ሙሉውንማ ልንገርሽ። 'ግን ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የወላጆቹ ነው፤ ልጄ ከሰው አያንስም ለማለት፣ ለገዛ ኩራታቸው ሲሉ፣ ልጁን ይሠዉታል።' ይኼን ነበር የምለው። አሰሚላቸውና ያድኑኝ እስቲ።»

ሻዬን ጠጣሁ። ምላሴን አቃጠለኝ።

ማታ፣ ከዚያው ቀን። እንቅልፍ ስላልወሰደኝ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር መምህርቷ ላይ ተናድጄባቸው ነው የተመለስኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባላለቀች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምንም የማያውቁ፣ ንጹሕ፣ የሚያሳዝኑ አሮጊት ደብቄ ኖሬያለሁ። «ግን» ሲሉ ቀጥሎ የሚመጣው ማካካሻ ነው ብዬ፣ «ግን ሁሉም ልጅ እኩል ነው» የሚል ዓይነት ነገር። ሴትዮዋ ግን ቢጨርሱት ኖሮ ወላጆቹንም ይጨምሩ ነበር።

ታዲያ አሁን የማዝንላቸው ለምንድን ነው? ንግግሩ የተቆረጠበትን ሰው መከላከል ቀላል ነው፤ «ሙሉውን ስሙት» ይባላል፣ ያልቃል። ሙሉው የባሰ ሲሆንስ? ምሳዋን ያልበላችው ልጅ አለች። በር ላይ ከዘበኛ ጋር የቆሙት ሴትዮም አሉ። ሁለቱም አንድ ላይ አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ቁጭ ትላለች።

አወያይ መሆን ጥሩ ሥራ ነው። ሁሉንም ትሰሚያለሽ፤ አንቺን የሚሰማሽ የለም። ይህን የጻፍኩት እንደ ቅሬታ አይደለም።


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ፀጉር ቤት። ፀጉር ሠሪዋ፦ «አንቺ እኮ በሬዲዮ የምትመጪዋ ነሽ። የዚያች ሴትዮ ነገር እንዴት ሆነ?» «ምን ይሁን ትያለሽ?» አልኳት። «እኔ? እኔ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ያለውን ነው የምለው» አለች፣ በመስታወቱ እያየችኝ። «ካልሆነ ፀጉር አልሠራም።»


የካቲት 29፣ ቅዳሜ

የልጄ ጓደኛ መጣች። ክፍላቸው ውስጥ ያለችው ብቸኛዋ ዓይነ ስውር ተማሪ ናት፤ በነጥብ ስለሚጻፈው ብሬሏ «ነጥቤ» ይሏታል፣ እሷም ትወደዋለች። ስትገባ «ድምፅዎ በሬዲዮ ከዚህ ይወፍራል» አለችኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ዓይኔ ያለቅሳል፤ ይህንንም በድምፄ አወቀችው።

ለቤት ሥራ ቁጭ እንዳሉ እንደ ቀልድ፣ «ሰሞኑን ስለ መምህርቷ ክፍላችሁ ውስጥ ምን ይባላል?» አልኩ።

ልጄ እርሳሷን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ቢጫው ፊደል። ባለፈው ዓመት ለልደቴ በሠራችልኝ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ነው። ምናልባት አውቄው ነበር።

«ለምን?» አልኳት።

«ነጥቤ ፕሮግራሙን ሰምታ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ክፍል ውስጥ ማንም ደግሞ ልብ አላለም። እኔ ለክፍላችን ልጆች ብዬ ነው የለቀቅኩት፤ ከዚያ ከእጄ ወጣ። 'ይውረዱ' የሚለውን እኔ አይደለሁም የጨመርኩት።»

«'ግን' ብለው ነበር እኮ። ለምን እሱን አስቀረሽው?»

አየችኝ። «'ግን' ብሎ የሚያልቅ ነገር ያስቃል ብዬ ነው። ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ያቋረጥሻቸው አንቺ ነሽ። እኔ የቆረጥኩት አንቺ የቆረጥሽበት ቦታ ላይ ነው።»

የሽንኩርት ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ነጥቤ ጣልቃ ገባች። «እኔ ይውረዱ አላልኩም። የፈለግኩት እንዲሰሙኝ ነበር። አሁን የት ሄጄ ልንገራቸው? ቅዳሜ የሚያነቡበት ቦታ እንኳ የለም።»


መጋቢት 7፣ እሑድ

ሁለቱን ልጆች ይዤ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። ደውዬ አስፈቅጃለሁ፤ «ይምጡ፣ ሻይ አለ» ብለውኛል።

ገና ከመቀመጣችን ልጄ «ድምፁን ቆርጬ የለቀቅኩት እኔ ነኝ» አለች። አጥንታ የመጣች ትመስል ነበር።

መምህርቷ የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ቆሙ። «ያልኩትን ነው ያሰማሽው። ያላልኩትን አልጨመርሽብኝም» አሉ። «ስለ ንግግሩ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ቅዳሜዬ ነው።»

ልጄ አለቀሰች። መምህርቷ አላባበሏትም፤ መሐረብ ግን ሰጧት። ከዚያ ወደ ነጥቤ ዞሩ።

«ያላለቀስሽው አንቺ፣ ያቺ ተማሪ ነሽ?»

«አዎ።»

«የት ነው የምትቀመጪው?»

«ከኋላ፣ ከእሷ ጎን።»

«ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ማን ይነግርሻል?»

«እሷ።»

«እሷ የታመመች ቀንስ?»

ነጥቤ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አንቀሳቀሰች። «ያን ቀን አልማርም» አለች።

መምህርቷ ወደ እኔ አዩ፤ «በቃ፣ አላልኳችሁም?» የሚል አስተያየት። ነጥቤ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«እርስዎ ትምህርት ቤት ብሆን ኖሮ በየቀኑ እማር ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን እሷን አላውቃትም ነበር። እሷም እኔን አታውቀኝም። ስታድግ ቢሮዋ ሥራ ልጠይቅ ብሄድ 'ሂጂና የእጅ ሙያ ተማሪ' ትለኝ ነበር።»

መንገድ ላይ አንድ ሰው አሮጌ ብረት የሚገዛ እየጮኸ አለፈ። የእኔ እጅ፣ እንደ ስቱዲዮ፣ ሰዓቱን ሊያይ ተነሳ፤ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይኼን አላሰብኩበትም» አሉ መምህርቷ በመጨረሻ። «ተሳስቻለሁ ማለቴ አይደለም።»

«እኔም አልጠበቅኩም» አለች ነጥቤ።

«ሂሳብ ስንት አመጣሽ?»

«አይነገርም።»

«ያ 'ይኼ ከዚህ ሲቀነስ' የሚለው መምህራችሁ ማን ነው ስሙ?»

«ለምን? ሊያስባርሩት?»

መምህርቷ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ነጥቤም ሳቀች። ልጄ በመሐረቡ ውስጥ። እኔ ሳልስቅ አየኋቸው፤ ብስቅ የማለቅስ መስሎኝ ነው።

ሊሸኙን በር ላይ ሲቆሙ፣ «ቅዳሜ እቤት ነኝ፤ ሂሳብሽን ይዘሽ ነይ» አሏት።


መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አለቃዬ ጠራኝና አንድ ገጽ ሰጠኝ። ሐሙስ ፕሮግራሙ ሲጀመር የማነበው የይቅርታ መግለጫ ነው።

«ጣቢያው በንግግራቸው እንደማይስማማ፣ ቅጂውን እንዳጠፋ፣ ወደፊት እሳቸውን እንደማይጋብዝ። አለቀ» አለ።

«ለምን ተመልሰው አይከራከሩም? ጠበቃው ዝግጁ ነው። አንዲት ተማሪም አለች፣ ከሁለቱም ትበልጣለች።»

«እባክሽ፣ እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። እሳት ላይ ጋዝ አታርከፍክፊ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እኔ በግሌ ሴትዮዋ መናገር አለባቸው ባይ ነኝ። በግሌ።»

በዚህ ሕንጻ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በግሉ ደፋር ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ትናንት ሊፍት ውስጥ በሹክሹክታ «ምስኪን» ብላኛለች። ዙሪያዋን አይታ ነው ያለችው። እኔም ዙሪያዬን አይቼ ነው ራሴን የነቀነቅኩት።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ። ከስርጭት በፊት

ውኃ ጠጣሁ። መግለጫው አለ። አነበዋለሁ። በቃ።


ያው ቀን፣ ማታ

ሁሉንም ሳልረሳው ልጻፈው።

መግለጫውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ በደንብ አነበብኩት፣ ነጥብና ሰረዙን ሳልዘል። ከዚያ ሙዚቃው መግባት ነበረበት። ጆሮ እጁን መቆጣጠሪያው ላይ አድርጎ ያየኛል። እንዲህ አልኩ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ይህን ነው ያልኩት፦

«ያነበብኩት የጣቢያው ነው። አሁን የራሴን ልናገር። መምህርቷ የተሳሳቱ ይመስለኛል። ንግግራቸው ልጆችን ጎድቷል፤ አንዷን አውቃታለሁ። ያን ቀን 'ግን' ብለው ያቋረጥኳቸው እኔ ነኝ። ቢጨርሱት ኖሮ የሚያስደስታችሁ ነገር አልነበረም፤ ጠይቄያቸዋለሁ፣ የባሰ ነበር። እሱንም መስማት ነበረብን ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መልስ የምትሰጣቸው ልጅ ነበረች፣ መልሷም ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። በሩን ስንዘጋባቸው በእሷም ላይ ነው የዘጋነው።»

አለቃዬ መስታወቱን እየደበደበ ነበር። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጆሮ ወደ እሱ አልዞረም። እስክጨርስ ጠብቆ ሙዚቃውን በቀስታ አስገባ።

ደረጃውን እስከ መሐል ወረድኩ። እዚያው ተቀመጥኩ። እንደ አወያይ ለሺህ ሰዓት ተናግሬያለሁ፤ ይህች ግን ጉልበት ጨረሰች።


መጋቢት 12፣ ዓርብ

ከፕሮግራሙ ተነስቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ የዘፈን ምርጫ አቅራቢ ነኝ። አለቃዬ «አንቺን ለመጠበቅ ነው» አለኝ። በከፊል እውነቱን ይመስለኛል፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

መልእክቶች፦ «ከእሷ ጋር አብረሽ ውረጂ»። «አንቺም ፈሪ ነሽ፣ ሴትዮዋን ተሳስተዋል ማለትሽ»። ያ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ደግሞ፦ «እህቴ፣ ትናንት ሙሉውን ሰማሁት። አልተስማማሁም። ጤና ይስጥልኝ።» ይህንን ለልጄ አነበብኩላት።

ጠበቃው ደውሎ ተቆጣኝ፤ ስሙን ስላልጠራሁ ነው። «መልስ የሚሰጣቸው አንድ ጠበቃ አለ ብትዪ ምን ነበረበት?»


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

መምህርቷ ደወሉ። ሰላምታ የለም።

«በአደባባይ ተሳስተዋል አልሽኝ?»

«አዎ፣ መምህርት።»

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

የዱሮው እኔ ብሆን «ሁለቱም ወገን የራሱ ምክንያት አለው» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ነገርኳቸው፦ የእጅ ሙያ ያሉት ጋ፣ ወላጆቹን ኩራተኛ ያሉት ጋ። ተከራከሩኝ። ተከራከርኳቸው። አንድ ሁለት ቦታ ረቱኝ፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ መጻሕፍቱ እጥረት። አንድ ቦታ ላይ ግን ረጅም ዝምታ ሆነ፤ የተቆረጠ መሰለኝ። «አለሁ፣ እያሰብኩ ነው» አሉ። ጆሮዬ እስኪግል አወራን። በመጨረሻ «ልጅቷ መጥታለች፣ በሩን እያንኳኳች ነው፤ ሂሳብ አለብን» ብለው ዘጉብኝ።

ትምህርት ቤቱ የንባብ ሰዓታቸውን ስለመመለስ ተጠይቆ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» ብሏል። ጠበቃው በነፃ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ከሳሽንም ተከሳሽንም የሚወክል ሰው አይቼ አላውቅም ስለው፣ «ተማሪዎቻቸው ፊት ልረታቸው ስለምፈልግ ነው፤ መጀመሪያ ግን መግባት አለባቸው» አለኝ።

የሆነው ሁሉ ጥሩ ሆነ ማለት አልችልም። የስማቸው ሰሌዳ ተመልሶ አልተሰቀለም። ምሳዋን ላልበላችው ልጅ እናት ልደውልላት ብዬ ሁለቴ ቁጥሩን አውጥቼ ተውኩት። ሰኞ እደውላለሁ።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የዘፈን ምርጫ ከባድ ሥራ ነው። አንድ ሰው ለሚስቱ ዘፈን መርጦ ስሟን ረሳ።

ዛሬ እራት ላይ፣ ሾርባ እየጠጣን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጀመርኩ። ዓይነ ስውር ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለብቻቸው ቢማሩ፣ ብሬሉን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ደግሞ ወደ ሌሎቹ ቢቀላቀሉ ይሻላል ብዬ እንደማስብ፣ ግን ይህ የሚሆነው መምህራኑ...

«እማዬ፣ ይኼማ ፍጹም...» አለች ልጄ።

አፌን ዘጋሁ። ልማድ ነው።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ስልኳን ገለበጠችው።

«ጨርሺ» አለች። «ስትጨርሺ እቃወምሻለሁ።»

ጨረስኩ። ተቃወመችኝ። ሾርባው ቀዘቀዘ።